አንድ ጋን ጠላ ለገና

ታኅሣሥ 4 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ዘንድሮ የገናን ጠላ የምጠምቀው እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ጌሾ ጌሾ ይሸታል።

እስከ አምና ድረስ የበዓል ጠላ ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ነበር የሚመጣልን። እማዬ ትጠምቃለች፣ በጀሪካን ትሞላለች፣ ከምታውቀው ሹፌር ጋር ትልካለች። የኛ ሥራ መናኸሪያ ሄዶ መቀበል ብቻ ነበር። ዘንድሮ ጉልበቷ እምቢ አለ። ጎንበስ ቀና ማለት አቃታት። "ዘንድሮስ እንግዲህ ቢራ ግዙ" አለችኝ በስልክ። አነጋገሯ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ደወልኩና "እኔ እጠምቃለሁ፣ አንቺ በስልክ ምሪኝ" አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ቆይታ "ጌሾውን አሽተሽ፣ አሽትተሽ ግዢ" አለች። ፈቀደች ማለት ነው።

ሁለቱንም ልጆች ይዤ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ማሙሽ 11 ዓመቱ ነው፣ ሚጣ 6። ማሙሽ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዞ የገዛነውን ይጽፋል። ሚጣ ከእህል ተራው ያገኘችውን ሁሉ ትቀምሳለች።

ለብቅል ገብስ 4 ኪሎ፣ ለእንኩሮ ዳጉሳ 10 ኪሎ ገዛን። ጌሾው ላይ ቆየን። አንዲት እናት ቅጠሉንና እንጨቱን ለየብቻ ክምር አድርገው ተቀምጠዋል። ቅጠሉን በመዳፌ አሸሁት። አረንጓዴነቱ አልጠፋም፣ ሽታው አፍንጫ ይይዛል። "ከየት ነው እማማ?" አልኳቸው። "ከዘጌ ነዋ!" አሉ፣ ሌላ ጌሾ ያለ አይመስልም ነበር አባባላቸው።

ማሙሽ ለምን ዘጌ ብሎ ጠየቀኝና እስከ ቤት ድረስ ስነግረው መጣሁ። ዘጌ ጣና ዳር ያለ የገዳማት አገር ነው፤ እዚያ መሬት አይታረስም። በሬ ጠምዶ ሞፈር የሚይዝ የለም። የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይባላል፤ ሕዝቡ ሳያርስ የሚኖርበት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሰጠው። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ነው። ማሙሽ "እና የኛ ጠላ ከገዳም የመጣ ነው?" አለኝ። ግማሹ ነው አልኩት።

ማታ ገብሱን ዘፈዘፍኩ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውሃውን አጠንፍፌ ገብሱን ጠቀለልኩት። ወፍራም ፌስታል ቤት ውስጥ ነበረ፣ በእሱ አድርጌ ከማዕድ ቤቱ ጥግ አስቀመጥኩት። ከላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ቀላል ሥራ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ብቅሉ ተበላሸ።

ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ሽታው ተቀበለኝ። ፌስታሉን ስፈታው ገብሱ ይንሸራተታል። አንዳንዱ አቆጥቁጧል፣ የሚበዛው ሻግቷል። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ቆመው ያዩኛል። አራት ኪሎ ገብስ! ማልቀስ ዳድቶኝ ነበር። ደከመኝ፣ ጾሙም አለ፣ እራት ገና አልተሠራም።

እማዬ ዘንድ ደወልኩ። ስነግራት ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል። "አንቺ ልጅ፣ ፌስታል ይተነፍሳል እንዴ? ብቅል እኮ ነፍስ አለው። ኮባ ፈልጊ።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ደግሞ የምለቅመውም አልተረፈኝም። የሻገተውን አባታቸው ወስዶ ግቢው ጥግ ቀበረው።

ኮባ ያለው ከኛ ማዶ ያሉት እማማ ግቢ ነው። ሄጄ ችግሬን ነገርኳቸው። ባትሪ አስይዘው ራሳቸው ወጡና አራት ሰፋፊ ቅጠል ቆረጡልኝ። "ጋንስ አለሽ?" አሉኝ። የለኝም። በጀሪካን ላደርገው አስቤ ነበር። "ጠላ በላስቲክ!" አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ለዓመታት ያልተነካ ጋን አላቸው። "ከባሌ ተስካር ወዲህ አልጠነሰስኩበትም። ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂው።"

ማሙሽ ቤት ሲገባ ደብተሩን ከጀርባው ገልብጦ አዲስ ገጽ ጀመረ። "ጠላችንን የሚጠጡ ሰዎች" ይላል። አንደኛ አያቴ ብሎ ጽፏል። ሁለተኛ እማማ። "የረዳን ሰው ሁሉ ይጠጣ" አለኝ። እኔ ያላልኩትን ነው። ከየት አመጣው?

ከማዕዘኑ ሱቅ ሌላ ገብስ ገዝቼ ሌሊቱን ዘፈዘፍኩ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ኮባውን እሳት ላይ ለብለብ አድርጌ አለሰለስኩት። ሣር ጎዘጎዝኩ፣ ኮባ አነጠፍኩ፣ ገብሱን አፍስሼ አለበስኩት። ድንጋዩም ተጫነ። ሚጣ "ተኛ?" ትላለች። ተኛ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

የጋን ቀን። አባታቸውና የእማማ ልጅ ተሸክመው አመጡት። መጀመሪያ ውሃ ሞልተን አስቀመጥነው፣ ሰንጥቆ ከሆነ ይታያል። ደህና ነው፤ አንድ ጠብታ አላንጠባጠበም። ቀጥሎ በግራዋ ቅጠል መፈግፈግ። እጄ አረንጓዴ እስኪሆን ፈገፈግኩት። አቧራውና የዓመታቱ ሽታ እስኪለቅ አራት ጊዜ አለቅልቄዋለሁ።

ሚጣ ጭንቅላቷን ጋኑ ውስጥ ከታ ስሟን ጠራች። ጋኑ ወፍራም አድርጎ መለሰላት። ደነገጠችና ወጣች፣ እንደገና ገባች። የእኔን ስም ጠራች፣ የአባቷን፣ የወንድሟን፣ የዳንግላዋን አያቷን። ቤተሰቡን በሙሉ ጋን ውስጥ ጠርታ ጨረሰች። ሥራዬን ትቼ ቁጭ ብዬ ሰማኋት።

ማታ አጠንነው። ፍም ላይ የወይራ ፍልጥና ጥንጁት ጣል አድርጎ ጋኑን መድፋት ነው። ጭሱ ወፍሮ ውስጡን ይሞላል፣ በጠርዙ ሥር እየሾለከ ይወጣል። ገለበጥነው። ከአፉ ነጭ ጭስ ቀስ እያለ ወጣ፤ ትልቅ ሰው ከረጅም መንገድ ደርሶ የሚተነፍሰው ዓይነት ትንፋሽ። ግቢው በሙሉ በዓል በዓል ሸተተ። አባታቸው ከወይራው መሐል ጫፉ የታጠፈ አንድ ቅርንጫፍ አይቶ ለይቶ አስቀመጠ። "ይሄማ የገና ዱላ ይወጣዋል" አለ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ኮባውን ትንሽ ገለጥ አድርገን አየነው። ነጭ ነጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል። ሽታው የዝናብ መሬት ነው። ተመስገን! አንድ ቀን ይጨመርለት ብላለች እማዬ። መልሼ ሸፈንኩት።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ከሥራ በፊት ማልጄ ብቅሉን ፈትቼ ሰፌድ ላይ አሰጣሁት። የታኅሣሥ ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ ጉልበት አላት፣ በሦስት ቀን ትጨርሰዋለች።

ማታ ጌሾውን ጠነሰስኩ። ቅጠሉንና እንጨቱን በሙቀጫ ወቅጠነዋል፤ ማሙሽም ተራ ገባ። ውሃው የቧንቧ ስለሆነ አሳድሬዋለሁ፣ እማዬ ናት ያለችኝ።

"ጌሾ ስንት ልጨምር?" አልኳት።
"አንድ ጣሳ ተኩል።"
"በየትኛው ጣሳ?"
"በጣሳ ነዋ!"

እማዬ ኪሎ አታውቅም። ሁሉን በጣሳ ነው። ያቺን ጣሳ አውቃታለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ የተገዛ የዱቄት ወተት ጣሳ ናት። ቀለሟ ለቋል፣ ጎኗ ተጨርምቷል። እኔ ያለኝ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። ተመሳሳይ ይሆናል ብዬ በሱ ለካሁ። አንድ ተኩል።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ብቅሉ ደርቋል፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ሥሩን በእጄ እያሸሁ ሳራግፍ ስለ ድሮው ሳስብ አመሸሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልጽፈው ያሰብኩት ነገር አለ።

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ጠላ ሸጣ ያሳደገች እናት ልጅ ነኝ፣ ግን ጠላ ጠንስሼ አላውቅም። አባቴ ሲሞት እኔ የማሙሽን እድሜ ያህል ነበርኩ። እማዬ በራፋችን ላይ ጣሳ ሰቀለችና ጠላ መሸጥ ጀመረች። ደብተራችን፣ ዩኒፎርማችን፣ በኋላም የኔ የኮሌጅ ኪራይ ከዚያ ጋን ነው የወጣው። እኔ ላግዝሽ ብዬ ስጠጋት "ሂጂ፣ ደብተርሽን ያዢ" ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ እንኩሮ አስነክታኝ አታውቅም። ያኔ ሥራውን የማልችል መስሏት ነበር የሚመስለኝ። ሲከፋኝም ትዝ ይለኛል።

ሌላም ነገር አለ። ዩኒፎርሜ ጠላ ጠላ ይሸት ነበር፣ ክፍል ውስጥ ያውቁብኛል። አንድ ቀን ቤት ገብቼ ልብሴን ወረወርኩና "በዚህ ሽታ ትምህርት ቤት አልሄድም" ብዬ ጮህኩባት። እማዬ ምንም አልመለሰችም። ከዚያ ወዲያ ዩኒፎርሜን ጎረቤት ቤት ነበር የምትሰቅልልኝ። በየቀኑ ማለዳ ሄዳ ታመጣልኛለች። ስንት ዓመት!

ይሄን ዛሬ ማታ ደውዬ ነገርኳት። ይቅርታ አልኳት። "ኧረ ተይኝ፣ የልጅ ነገር" አለች። ቀጥላ ግን "አንቺ ጠላ እንዳትጠምቂ ነበር የኔ ልፋት። አሁን ደግሞ ራሴ አስተምርሻለሁ" አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፣ አለቀስኩ። በደስታ ይሁን በምን አላውቅም። ሚጣ መጥታ ብቅል የነካ እጄን አሸተተችና "ጥሩ ይሸታል" አለች።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ብቅልና ዳጉሳ ወፍጮ ቤት ገብተው ወጡ። ብቅሉ ሸካራ ሆኖ እንዲፈጭ ብላ ነበር፣ እንደዚያው ሆነ። ጥንስሱ ላይ ከብቅሉ ጨመርኩ። የቀረው ብዙ ስለሆነ በከረጢት አስቀምጫለሁ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ከባዱ ቀን። እንኩሮና ቂጣ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ምጣዱን አስማሁ። የዳጉሳውን ዱቄት ውሃ እያርከፈከፍኩ አሸሁት፤ ሊጥ አይሆንም፣ ዱቄትም አይሆንም፣ ፍርፍር ነው የሚለው። ምጣዱ ላይ አድርጎ ሳያቋርጡ ማገላበጥ። የመጀመሪያው ዙር ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ምጣድ ላይ እያለ መብራት ጠፋ።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አልመጣም። የራሰ ዱቄት አጠገቤ ተቀምጧል፣ ካደረ ይኮመጥጣል። ማሙሽ ሳልልከው ሮጦ እማማ ቤት ሄደ። "እሳት አንድደዋል፣ ነይ ብለውሻል!" ብሎ ተመለሰ። እንግዲህ ዱቄቱን፣ ቅሉን፣ ማማሰያውን ተሸክመን በሰልፍ ተሻገርን። በጎን ያለችው ጎረቤቴ በአጥሩ በላይ አየችንና ትልቅ ሰፌድና ወንፊት ይዛ መጣች። ሙስሊም ናት፣ ጠላ አትነካም። እጅጌዋን ሰብስባ ከኔ ጋር እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንኩሮ አገላበጠች። "እናንተ ለረመዳን ሳምቡሳ ስትጠቀልሉልኝ አልነበር?" ነው ያለችው። እማማ ቂጣውን ወፈር አድርገው ጋገሩ። ጭሱ ዓይናችንን አቃጠለን፣ ወሬውም ደመቀ። እኔ ሦስት ዓመት እዚህ ሰፈር ስኖር የእማማን ማዕድ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቂጣው ተቆራርሶ፣ እንኩሮው ቀዝቅዞ፣ ሁሉም ጋን ውስጥ ገባ። ድፍድፍ ሆነ። አፉን በኮባ ከድነን በጭቃ መረግነው። አባታቸው ጭቃውን ሲለስን ሚጣ ባትሪ ያዘች።

የማሙሽ ዝርዝር ስምንት ሰው ደርሷል። ለጎረቤቴ ስም ጎን በቅንፍ "ብርዝ" ብሎ ጽፏል።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ፣ ገብርኤል

ሥራ የለም። ወገቤ አይታጠፍም። ቅዳሴ ወጥተን ልጆቹን ይዘን ጣና ዳር ወረድን።

ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። የክብራን ገብርኤል ገዳም ደሴት ከወዲህ ሆነው ሲያዩት ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ነው። ዛሬ ንግሥ ስለሆነ ጀልባዎች ነጠላ የለበሱ ወንዶች ይዘው ይሄዳሉ። ሴት አይገባበትም። እኔ ከዳር ቆሜ ነው የተሳለምኩት። ለእማዬ ጉልበት ለመንኩ። ለድፍድፉም፣ ደፍሬ።

አንድ የደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ሲመጣ አየን። ቀዛፊው ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ ታንኳው ጠልቋል። ሚጣ "ሣር እንዴት አይሰምጥም?" አለች። ደንገሉ ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ አየር ይዟል፤ አባቷ ከዳር አንድ ቀንበጥ ቆርጦ አሳያት። ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ያኔ አውጥቶ ማድረቅ ነው። በመንገድ ሁሉ ያቺን ቁራጭ እየጨመቀች ሄደች።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ጋኑ ይናገራል። ጆሮን ጎኑ ላይ ሲያስጠጉ ውስጥ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ማሙሽ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት እየሰማ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የትናንቱ "ዝናብ ቆርቆሮ ላይ" ይላል። የዛሬው "ሰው በሌላ ክፍል ሲያንሾካሹክ"። ይሄን ልጅ ለአማርኛ ፈተና አጥናልኝ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ!

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ቅቤ። ስለ ዋጋው አልጽፍም። የሚበቃንን አግኝተናል፣ ተመስገን።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

አባታቸው የወይራውን ቅርንጫፍ ልጦ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ ዱላ አወጣው። ሩሯን ከሥር ግንድ ጠርቦ አድበልብሏታል። ከሰዓት ሜዳው ላይ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። ማሙሽ አንድ ቅልጥሙ ላይ ቀምሶ መጣ። መታኝ ያለውን ልጅ ይዞት ነው የመጣው፣ ሁለቱም ይስቃሉ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብሎ አባታቸው ሁለቱንም አሻቸው። ልጁም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፣ በብርዝ።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት። ጭቃውን ፈነቀልን። እማዬ ስልኩ ላይ ናት፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጋኑ አጠገብ አስቀምጫታለሁ። ኮባውን ሳነሳ ሽታው ወጣ፤ ስለታም፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ ጭስ ያለበት። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስገባ የሚቀበለኝ ሽታ ነው።

"ምን ይመስላል?" አለች።
"ጥቁር ነው። ከላይ ትንሽ ፈሳሽ ወጥቷል፣ ወፍራሙ ከሥር ነው።"
"ይሸታል?"
"ይሸታል።"
"ያንቺ ቤት ነው የኔ ቤት?"
"ያንቺ።"

ዝም አለች። "ውሃውን ጨምሪ" አለች ቀስ ብላ።

ጨመርኩ። በጠበጥኩት። ከደንኩት። ሥራ አረፈድኩ።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ፣ ጋድ

ቄጤማ ገዛን። ከጣና ዳር ታጭዶ የመጣ ነው፣ ውሃው ገና አልደረቀም። ሳሎኑ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል።

ዶሮው ታርዶ አሥራ ሁለቱ ብልት ወጥቷል፤ ሽንኩርቱን ሙስሊሟ ጎረቤቴ ከትፋልኛለች። ወጡ ከእሳት ሲወርድ ወደ ጠላው ሄድን። ጋኑን አባታቸው አዘነበለ፣ እኔ በነጭ ጨርቅ አጠለልኩ። ቀዩ ጠላ በጨርቁ ሥር እንደ ክር ወረደ። እንዲህ ቀስ እያለ 30 ሊትር ገደማ ሞላን። ለቅምሻ እጄ ሁለቴ ተዘርግቶ ሁለቴ ተመለሰ። ነገ እንቆርባለን። እማማም ጾመኛ ናቸው። ማንም ሳይቀምሰው አደረ። ልክ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ነው ነጠላዬን ለብሼ የወጣሁት።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ ገና

ከጊዮርጊስ ስንወጣ ሌሊቱ ገና አልነጋም ነበር። ሚጣን አባቷ አዝሏታል፣ ነጠላዋ ጀርባው ላይ ተንዠርግጓል። ማሙሽ እጄን ይዞኛል። እድሜው እጅ መያዝ ካቆመ ቆይቷል፤ ብርድ ይሆናል፣ አልጠየቅኩትም። በሐይቁ በኩል ንፋስ ይመጣል። እንዲህ አራታችን በእግራችን ስንሄድ፣ ሁላችንም ጤነኛ ሆነን፣ ወደ ቤታችን ስንገባ፣ ሌላ የምለምነው ነገር አጣሁ።

ረቡዕ ቢሆንም ልደት ነውና ይፈሰካል። ከዶሮው በፊት ግን አንድ ብርጭቆ ቀዳሁ። ከለሩ የዳጉሳ ነው፣ ጠቆር ያለ ቀይ። ጠጣሁ።

መራራ ነው። ግን ጠላ ነው! ራሱ ጠላ! አባታቸው ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነና "ድገሚኝ" አለ። የሱን አላምንም፣ ይወደኛል።

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰው መጣ። የማሙሽ ዝርዝር 17 ደርሷል፤ ወፍጮ ቤት ያለውን ልጅ ሁሉ ጠርቶታል። እሱ በር ላይ ቆሞ ስም ያያል፣ ምልክት ያደርጋል። እማማ ነጭ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። የራሳቸውን ጋን ጥግ ላይ ሲያዩት ሄደው በመዳፋቸው ዳሰሱት። የጠጡት በዋንጫ ነው። አንዴ ጎንጨት አሉና ዋንጫውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "ይሄ ጋን እንደገና ይጠመቅበታል ብዬ አላሰብኩም ነበር" አሉ። ስለ ጣዕሙ ምንም አላሉም። ግን ሦስቴ አስቀዱ።

ጎረቤቴ ከልጆቿ ጋር ብርዝ ጠጣች፣ ዳቦ በላች፣ ቡናውን እሷ አፈላች። የኔ ልጆች ከሷ ልጆች ጋር ቄጤማው ላይ ሲንከባለሉ ዋሉ። አሥር ሰዓት ላይ ጋኑ ተራቆተ። አተላው ብቻ ቀረ። እኔ ግን ማለዳ ሁለት ሃይላንድ ሞልቼ ደብቄ ነበር፣ ለዳንግላ።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

መናኸሪያ። ያው የእማዬ ሹፌር። ዘንድሮ አቀባዩ እኔ ነኝ። "ክዳኑን አታጥብቀው፣ ይፈነዳል" አልኩት። "አውቃለሁ እቴ፣ አሥር ዓመት ይዤ መጥቻለሁ" አለኝ።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ደወለች።

"ደረሰኝ። ጠጣሁት።"
"እሺ?"
"ጌሾው በዝቷል።"

ልቤ ወረደ።

"በየትኛው ጣሳ ነው የለካሽው?"
"በድልህ ጣሳ።"
"እሱማ የኔን ሁለት ይሆናል!" ሳቋ መጣ። ሳቋ ሲያልቅ ድምፅዋ ወረደ። "አባትሽ ቢኖር ግን ይወደው ነበር። እሱ መራራ ነበር የሚፈልግ። እኔ ነኝ ለገበያው ብዬ የቀነስኩት።"

ይህን አላውቅም ነበር። አባቴ ምን ዓይነት ጠላ ይወድ እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። አንድ ሰዓት ያህል ስለ እሱ አወራችኝ። ማሙሽ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሰማ፣ አልጻፈም።

ጥር 3፣ እሑድ

ሹፌሩ ደውሎ "እቃ አለሽ" አለኝ። አራታችንም ሄድን። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ነው፣ ቀላል። እዚያው ቆመን ፈታነው።

ጣሳዋ ናት። ቀለሟ የለቀቀ፣ ጎኗ የተጨረመተ። ከአፏ ዝቅ ብሎ በሚስማር የተጫረ መስመር አለ፤ ግማሽ ማለት ነው። ውስጧ የተወቀጠ ጌሾ አለ፣ እስከ አፏ ሞልቷል። ለብቻው በቁራጭ ጨርቅ ሌላ ግማሽ ተቋጥሯል።

ሚጣ ቤት ስንገባ ጌሾውን አስገልብጣ አፏን ጣሳው ውስጥ ከተተች። ስሟን ጠራች። "እንደ ጋኑ አይመልስም" አለች። "ትንሽ ናታ" አላት ወንድሟ።

ለጥምቀት ስምንት ቀን ቀርቶናል። የተፈጨ ብቅል በከረጢት አለኝ፣ ጋኑን እማማ "እዚያው ይቆይ" ብለዋል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ጉሹም ቢሆን ይድረስልን። ውሃ ቀድቼ አሳድሬያለሁ። ነገ ማታ ጌሾ እጠነስሳለሁ፣ አንድ ጣሳ ተኩል።